ከ033 የመጣው ስልክ

ጥያቄው ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ አካባቢ የተላከ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ ፋብሪካ ጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አውጥቶ ሲቪ አስገባሁ። ከአሥር ቀን በኋላ በ033 የሚጀምር ቁጥር ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ታክሲ ውስጥ ስለነበርኩ አልሰማሁትም። ሚስኮሉን ሳይ ደነገጥኩና መደወል ጀመርኩ፤ እውነቱን ለመናገር አሥራ አንድ ጊዜ ደውያለሁ። በመጨረሻ ያነሳው ሰውዬ ተቆጣኝ፤ ቢሆንም ለማክሰኞ ጠዋት ቀጠረኝ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስልኬን ቫይብሬት አድርጌ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍቼ አስቀመጥኩት። እናቴ ሦስት ጊዜ ደወለች። በሦስተኛው ይቅርታ ብዬ አጠፋሁት። ሥራ አስኪያጁ ግን በመሃል ሁለት ጊዜ ስልክ አንስቶ አወራ። አሁን ዘጠኝ ቀን ሆነው፣ ዝም ብለዋል። ደውዬ ይቅርታ ልጠይቅ? ጓደኞቼ በየቀኑ ካልደወልሽ ይረሱሻል ይሉኛል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሌላ ጊዜ ንግግሩን በስልክሽ ቅጂው፣ ማስረጃ ይሆንሻል አለኝ።»

እናትሽ ስለደወለች ሥራ አላጣሽም፤ ካጣሽም በዚያ ብቻ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ አሥራ አንዱ ጥሪ ነው። ሰው ስለ ስልክ ሥርዓት ሲጠየቅ ሐሳቡ የሚሄደው ወደ ቃለ መጠይቁ ክፍል ነው፤ ስልኩ ይጥፋ ወይስ ቫይብሬት ይሁን፣ ኪስ ይግባ ወይስ ቦርሳ ይላል። ቀጣሪው ግን ገና ፊትሽን ሳያይ፣ ከቀጠሮው ቀናት አስቀድሞ በስልክ አግኝቶሻል። ሲቪሽ ላይ «ጥሩ የመግባባት ችሎታ» ብለሽ ጽፈሽ ይሆናል፤ የማይጽፍ የለም። ደዋዩ ያቺን መስመር የሚያምናት ወይም የሚተዋት «ሄሎ» ስትይ ነው።

በዚያኛው ጫፍ ያለውን ላሳይሽ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በተለያዩ ፋብሪካዎች የሰው ኃይል ክፍል ለአሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩት እዚያ ነውና። ለአንዲት ቦታ የሚገባው ሲቪ በካርቶን ይታጨቃል። ከዚያ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ስም ተለይቶ በአንድ ወረቀት ይጻፍና ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። አንድ ሰው፣ አንዳንዴ የቅጥር ባለሙያው፣ አንዳንዴም ሥራ አስኪያጁ ራሱ፣ እስክሪብቶ ይዞ ከላይ ወደ ታች ይደውላል። በሩ ክፍት ነው። ፈቃድ ሊያስፈርም የመጣ ይገባል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጎደለብኝ የሚል ይገባል። እሱ መቀበያውን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ ከየስሙ ጎን አጭር ቃል ይጽፋል፦ «ተነግሯታል»፣ «ዝግ ነው»፣ «ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው»፣ «አታነሳም»። ሁለት ጊዜ ተደውሎላት «አታነሳም» የተጻፈባት ልጅ ወደ ተጠባባቂ ትወርዳለች። ማንም አልጠላትም፤ ወረቀቱ እስከ ምሳ ሰዓት መሞላት ስላለበት ነው።

አሁን አሥራ አንዱን ጥሪሽን በዚህ ላይ ጨምሪው። 033 የደሴና የኮምቦልቻ አካባቢ የመስመር ስልክ መለያ ነው። የመስመር ስልክ በብዙ ቢሮ አንድ ነው፤ አንቺ በደወልሽ ቁጥር ሰውዬው ሃያ ሦስተኛውን ሰው ሊደውልለት ያነሳውን መስመር ትይዢበታለሽ። ከሌላ ክፍል ጋር በጋራ የሚጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ የዕቃ ግምጃ ቤቱም፣ ጥበቃውም፣ የሽያጭ ክፍሉም ያንቺን ጥሪ አንስተው «እኛ አልደወልንም» ብለው ዘግተዋል ማለት ነው። ደጋግሞ መደወል ጉጉትን ያሳያል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኛ ቢሮ የሚሰማው «ይህች ልጅ ደንበኛ ሂሳብ ቢያዘገይባትም እንዲሁ ልታደርግ ነው» ተብሎ ነው፤ ለሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ ይህ ጥሩ ስም አይደለም።

ሚስኮል ሲገኝ ወዲያው አንድ ጊዜ መልሶ መደወል ተገቢ ነው። ካልተነሳ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፤ ሁለተኛው ካልተሳካ ከሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ ጠዋት ሦስተኛውን መሞከር ይበቃል። ሲነሳም «ደውላችሁልኝ ነበር» ብሎ ዝም ማለት ያነሳውን ሰው ግራ ያጋባል፣ ማን እንደደወለ እሱም አያውቅምና። «ጠዋት ከዚህ ቁጥር ተደውሎልኝ ነበር፤ ለሂሳብ ሠራተኛ ቅጥር ያመለከትኩ እገሊት ነኝ፤ ከሰው ኃይል ክፍል ጋር ሊያገናኙኝ ይችላሉ?» ካልሽ ጥበቃውም ቢያነሳው የት እንደሚወስድሽ ያውቃል።

የደወለው የእጅ ስልክ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፦ አንድ ጥሪ፣ ካልተነሳ አንድ መልእክት። መልእክቱ በሙሉ ስም ይጀምር፣ በደንበኛ አማርኛ ይጻፍ፤ በላቲን ፊደል የተንኮለኮለ አማርኛ ለጓደኛ ነው። አጭር የሚሆንበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ በእኛ ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፣ በላቲን ቢሆን 160 ይይዛል። ረጅም አማርኛ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ አንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ ጭራው ቀድሞ ይገባል። ከምንም በላይ ግን ካርድ አልቆብሽ ቢሆን እንኳ ያንን ነፃውን «መልሰው ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት ለቀጣሪ አትላኪ። እንዲህ ያደረገ ሰው አጋጥሞኛል። ስሙን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ለሱ ግን ምንም አልጠቀመውም።

የማታውቂው ቁጥር ሲደውል እንዴት እንደምታነሺ ጊዜ ሰጥቼ ላውራ፤ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው። «ማን ነህ?» ወይም «ምን ነበር?» አይባልም። «ሄሎ፣ አቤት» ይበቃል። ድምፁን ካላወቅሽው ደግሞ «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» የሚል ከመቶ ፈገግታ የሚበልጥ ቃል አለን። «ወዬ» ለቤት ሰው ይቆይ። እኛ ወሎ ውስጥ ላከበርነው ሰው «አንቱ» እንላለን፤ ነውር የለውም፣ ላገር ሰው እንዲያውም ይሞቃል። ከአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት የሚደውል ሰው ጆሮ ላይ ግን «እርስዎ» ይቀላል፤ ደዋዩ «አንቺ» ቢልሽም አንቺ ከ«እርስዎ» አትውረጂ። «ጋሼ» እና «እትዬ» ቢሮ ውስጥ ከለመድሽ በኋላ ይመጣሉ፤ በመጀመሪያው ስልክ «አቶ» እና «ወይዘሮ» ናቸው።

ስልኩን ሌላ ሰው የሚያነሳበትም ጊዜ አለ። አንዴ ሸዋ በር አካባቢ ላለች አመልካች ደወልኩ፤ አክስቷ አነሱ። ስሜንና ከየት እንደምደውል ተናገርኩ። «ኮምቦልቻ? የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አባቴን አያውቁትም፤ አጎቴን ግን በበግ ንግድ ያውቁታል። ስለ እህል ዋጋ ጠየቁኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ መርቀውኝ ዘጉት። ልጅቷ እንደተደወለላት ያወቀችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ምርቃቱ ደርሶኛል፤ ቀጠሮው ግን አልደረሳትም። ሲቪሽ ላይ የራስሽን ቁጥር ጻፊ። ሁለተኛ ቁጥር ከጨመርሽ ባለቤቱ ምን እንደሚጠበቅበት ይወቅ። የድሮ ቁጥርሽን ያልቀየርሽበት ሲቪም የትም ተበትኖ አይቆይ፤ የተጣለ ቁጥር ላይ ደውዬ የሌላ ሰው ሚስት አስቆጥቼ አውቃለሁ።

ታክሲ ውስጥ ስለነበርሽ አለማንሳትሽ ጥፋት አይደለም። ብታነሺው ኖሮ ይብስ ነበር ማለት እችላለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ በወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው የሚራራቁት፤ በዚያች ርቀት መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ድምፅ ይቆራረጣል። እዚያ ላይ ያነሳ ሰው «ማክሰኞ» የተባለውን «ሐሙስ» ብሎ ይሰማል፤ ለመጠየቅ ያፍራል፤ «እሺ እሺ» ብሎ ይዘጋል። ከተነሳ ደግሞ መባል ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «መንገድ ላይ ስለሆንኩ ድምፅዎ ይቆራረጥብኛል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በዚሁ ቁጥር ልደውልልዎ?» ደዋዩ ከስምሽ ጎን «ትደውላለች» ብሎ ይጽፋል። ያልሽው ሃያ ደቂቃ ከሆነ ሃያ ደቂቃ ይሁን።

ቀጠሮ ሲነገርሽ ቀኑንና ሰዓቱን መልሰሽ ማንበብ ያሳፍራል ብለሽ እንዳታስቢ፤ እንደዚህ የማያደርገውን ነው የምፈራው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ከተመረቀ ወዲህ በከተማችን የውጭ አገር ሥራ አስኪያጆችና የነሱን ቃል የሚያስተላልፉ ረዳቶች በዝተዋል። ረዳቷ «ናይን» የተባለችውን «ዘጠኝ ሰዓት» ብላ ትነግርሻለች፤ አለቃዋ የሚጠብቅሽ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ፋይሏን ታቅፋ በር ላይ የቆመችን ልጅ «ጠዋት ነበር እኮ» ብሎ መመለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሠራው ያውቀዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ጁን 12 የኛ ሰኔ 5 ነው፣ ሰኔ 12 ላይ የመጣ በሳምንት ዘገየ። ስለዚህ «የፊታችን ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ እንዲህ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ዋናው በር፤ ማንን ብዬ ልግባ?» ብለሽ ጠይቂ። የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሺ፤ ጥበቃው ያለ ስም አያስገባም።

አንዳንዴ ስልኩ ራሱ ቃለ መጠይቅ ሆኖ ይመጣል፤ በተለይ የሚቀጥረው ክፍል አዲስ አበባ ሲሆን። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር አስመጥቶ ከማነጋገር በፊት ሥራ አስኪያጁ አሥር ደቂቃ በስልክ ሊያጣራሽ ይችላል። ሳይነገርሽ ቢደውልና ገበያ መሃል ብትሆኚ ጊዜ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ሰኞ ገበያ ውስጥ የበሬ ዋጋ እየተጠራ ስለ ባንክ ማስታረቂያ የሚያስረዳ ጀግና አላየሁም። በቀጠሮ ከሆነ በር የሚዘጋ ክፍል ይፈለግ፤ ከአዛን ወይም ከቅዳሴ ድምፅ ማጉያ አቅራቢያ ያለ መስኮት ይዘጋ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎ ከጓደኛ መልስ መቀበል ወዲያ ማዶ ይታወቃል፤ ክፍሉ ያስተጋባል፣ ጓደኛም ያንሾካሹካል። ሌላ ጥሪ ሲገባ ጆሮ ላይ ጢጥ የሚለውን የጥሪ መጠባበቂያ ከስልክሽ ማስተካከያ ውስጥ ለዚያች ሰዓት ዝጊው። ሲቪሽን ፊትሽ ዘርጊ፤ ማንበብሽ አይታይም፣ መፈለግሽ ግን ይሰማል።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስምሽን፣ ያመለከትሽበትን ቦታ ሁሉ ጠርቶ «አልፈሻል፤ ለፎርም፣ ለዩኒፎርም፣ ለሕክምና ምርመራ ይህን ያህል በቴሌብር ላኪ» የሚል ሰው ቀጣሪ አይደለም። በስልክሽ የሚገባ የማረጋገጫ ቁጥር ንገሪኝ የሚልም ሌባ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ክርክር አያስፈልግም፤ ዘግተሽ በማስታወቂያው ላይ ወዳለው ቁጥር ራስሽ ደውለሽ ማጣራት ነው። ማግባት አለማግባትሽን፣ ልጅ መውለድ ማሰብሽን በስልክ ለሚጠይቅም መልስ የመስጠት ግዴታ የለብሽም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴቶች በጾታቸው ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል። «ሥራውን በሰዓቱ ለመሥራት የሚያግደኝ ነገር የለም» የሚል መልስ ሳይጣሉ ያልፋል።

ወደ ክፍሉ እንግባ። ቫይብሬት ዝምታ አይደለም። በጣውላ ጠረጴዛ ላይ የተደፋ ስልክ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው ራሱ ያጉረመርማል፤ የሻይ ብርጭቆውን ከማስቀመጫ ሳህኑ ጋር ሲያንጫርረው ሰምቻለሁ። በፊቱ መድፋትሽ ማን እንደደወለ ደበቀ እንጂ መደወሉን አልደበቀም። አንቺ ደግሞ በመጀመሪያው አላጠፋሽውም፣ በሁለተኛውም አላጠፋሽውም። ሁለት ጊዜ «አሁን ያቆማል» ብለሽ ጠበቅሽ፤ በዚያ መሃል የተጠየቅሽው ጥያቄ ግማሹ አመለጠሽ። ጠያቂው ያየው ይህንን ነው።

ሳይለንት ይሻላል፣ ግን እሱም አይበቃም። ፍላይት ሞድም አይበቃም፤ የማንቂያ ሰዓት ይጮሃል፣ የአዛን አፕ በሰዓቱ ይጣራል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የተቀጠረ አንድ ሙያተኛ ኪስ ውስጥ አዛኑ ሲጀምር ሁላችንም በክብር ዝም ብለን እስኪያልቅ ጠበቅን፤ እሱ ግን ሲያልቅ የጀመረውን ረስቶታል። ሌላው ወጥመድ የደሴ ጃኬት ነው። ከብርድ የመጣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ይሞቀውና ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ጀርባ ላይ ይሰቅላል፤ ስልኩም ከኪሱ ጋር ተሰቅሎ ይቀራል፣ ሲጮህ የትኛው ኪስ እንደሆነ ይጠፋዋል። ስለዚህ በር ላይ፣ ጥበቃው መታወቂያ ሲመዘግብ፣ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። አንዳንድ ፋብሪካ በር ላይ ስልክ ተቀብሎ ቁጥር ይሰጣል፤ ቅር አይበልሽ፣ ማሽን ባለበት ስልክ አይፈለግም። ግን አድራሻውንና የምታገኚውን ሰው ስም ስልክሽ ውስጥ ብቻ አትያዢ፤ በወረቀት ይኑርሽ።

እናትሽን በተመለከተ ጥፋቱ ያንቺ ነው። እናት ልጇ ወጥታ ስትዘገይ ትደውላለች። «ከ3 እስከ 5 ሰዓት ስልኬ ዝግ ነው፤ ስወጣ እደውላለሁ» የሚል ነገር ማታ ቢነገራት ኖሮ ዱዓ እያደረገች ትጠብቅሽ ነበር። የታመመ ቤተሰብ ያለበት፣ ምጥ ላይ ያለች እህት ያለችው ሰው ደግሞ ገና ሳይቀመጥ «ሆስፒታል ሰው አለኝ፤ አንድ ስልክ ሊመጣብኝ ይችላል፣ ካልፈቀዱ አጠፋዋለሁ» ይበል። ይህን ሰምቶ የሚከለክል አላጋጠመኝም።

ሥራ አስኪያጁ ለምን አነሳ ላልሽው፣ እኩል አይደላችሁም የሚል መልስ አልሰጥሽም። የሱም ጥፋት ነው። ከማውቀው ልናገር፤ አንድ የጥገና ባለሙያ ስጠይቅ ስልክ መጣብኝ፣ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ጉዳይ ነበር፣ አንስቼ ሩብ ሰዓት ያህል ጮህኩበት። ሰውዬው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣራ ጣራ ያያል። ስጨርስ ተነስቶ «ጌታዬ፣ ሥራ በዝቶብዎታል፤ ሌላ ቀን ልምጣ?» አለኝ፣ ያለ አንዳች ቁጣ። አፈርኩ። ተመልሶም አልመጣም። ያንን ቀን የተፈተንኩት እኔ ነበርኩ። ቢሆንም እሱ ሲያወራ አንቺም ስልክሽን ማውጣት መልስ አይደለም። ሲያነሳ ወሬውን ላለመስማት ዓይንሽን ወደ ማስታወሻሽ መልሺ፤ ሲዘጋ «እዚህ ጋ ነበርን» ብለሽ ያቆማችሁበትን አስታውሺው። እሱ ረስቶታል፤ የምታስታውሰው ሰው ፊቱ ላይ አለች። ቃለ መጠይቁን ሙሉ ስልክ ላይ ሆኖ የጨረሰ አለቃ ካጋጠመሽ ግን እሱንም ማስታወሻ ያዢበት፤ ሥራ ከጀመርሽ በኋላ የሚለወጥ ፀባይ አይደለም።

የአጎትሽን ልጅ ምክር አልቀበለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ጭምር ከግል ሕይወት ጥበቃ ጋር አስቀምጦታል፤ የክርክሩን ዝርዝር ለሕግ ባለሙያ ልተወውና እኔ የማውቀውን ልናገር፦ ጠረጴዛ ሥር ቅጂ ላይ የነበረ ስልክ የታየበት አመልካች ወዲያው ነው የተሰናበተው። ለማስታወስ ከሆነ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ ግቢ። ስትወጪ፣ ገና ግቢው በር ላይ፣ የተጠየቅሽውን ጻፊ።

አሁን ዘጠኝ ቀን ስለሆነው ዝምታ። በየቀኑ ካልደወልሽ ይረሱሻል ያሉሽ ሰዎች አሥራ አንዱን ጥሪ ዘጠኝ ጊዜ ድገሚው ነው የሚሉሽ። አይረሱሽም፤ ስምሽ ወረቀቱ ላይ አለ። የቅጥር ውሳኔ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ከአመልካቹ ጋር በማይገናኝ ነገር ነው፦ የሚፈርመው ሰው መስክ ወጥቷል፣ በጀቱ ከአዲስ አበባ አልጸደቀም፣ አንደኛ የወጣው ሰው እስኪመልስ ይጠበቃል። ተጠባባቂ የነበሩ ሰዎች ከሁለት ወር በኋላ ሲጠሩ በእጄ ደውዬላቸዋለሁ። የስልክ ሥርዓት የማይሠራውም ነገር አለ፤ የፈተና ነጥብሽን አይጨምርም፣ በዘመድ የተያዘን ቦታም አያስለቅቅም። በእጅሽ ያለችውን ጥቂት ነገር አለማበላሸት ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ አትደውዪ። እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቅርታ ብለሻል፣ ይበቃል፤ ዛሬ ደውለሽ ነገሩን ብታነሺ ሰውዬው የረሳውን ራስሽ ታስታውሺዋለሽ። ያለሽ ቁጥር የመስመር ስልክ ስለሆነ መልእክት አይገባበትም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ደውዪ። ሰኞ አይሁን፣ ሰኞ ሁሉም ሰው ስብሰባ ነው። አርብም ከ5:30 በኋላ የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ ቢሮ ሰው አይገኝም። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከጠዋቱ 3:30 እስከ 5 ሰዓት ባለው ይሁን። «እንደምን አደሩ፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ለጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛ ቃለ መጠይቅ የቀረብኩ እገሊት ነኝ። ውጤቱ በየት በኩልና መቼ እንደሚገለጽ ለመጠየቅ ነው» በይ። የሚሉሽን ጻፊ፣ አመስግኚ፣ ዝጊ። ቀን ከሰጡሽ ያ ቀን ካለፈ በኋላ ሦስት ቀን ሳይሞላ እንደገና አትደውዪ። «እንደውላለን» ብቻ ካሉሽ በሩ አልተዘጋም፣ ግን አንቺ ሌላ ቦታ ማመልከትሽን ቀጥዪ። በር ላይ ሄዶ መጠየቅም አለ፤ ውጤት በበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፉ ፋብሪካዎች ስላሉ ኮምቦልቻ ለሌላ ጉዳይ ከወረድሽ ዓይንሽን ጣል አድርጊ፤ ለዚያ ብለሽ ብቻ ግን የሐረጎን ትራንስፖርት አትክፈዪ።

ያንን የ033 ቁጥር ደግሞ ዛሬውኑ በፋብሪካው ስም መዝግቢው፤ ሲደወል ማን እንደሆነ አውቀሽ ታነሺዋለሽ። ለእናትሽም አሳያት። ስልኩ ቤት ተረስቶ ቢጮህ አንስታ «ማን ልበል?» ትበልና ስምና ሰዓት ትቀበል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሌላ ቀን ትጠይቀዋለች።